በተልባ የተወለወለ ቀለህ

ፈሪ ሰው አለመሆኔ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ይህን የምለው ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ ፍርሃት ስለሆነ ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። የቀረውን ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። ሱዳን በስደት ሳለሁ ሰው የጣለውን ሬዲዮ እየፈታሁና እየገጠምኩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆንኩ። ኮሎምበስ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ፣ የመኪና መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ትራንስሚሽን አውርዶ መስቀልን ቻልኩ። ሪከንባከር በሚባለው የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ጫኝ ሆኜ ገብቼ፣ ጡረታ ስወጣ የማጓጓዣ ቀበቶዎቹ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ጆሮዬን አስጠግቼ የትኛው ኩሽኔታ ሊያልቅ እንደተቃረበ እናገራለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅም። ሊንደን በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ በጥር ብርድ ማሞቂያው የቆመበት ሀበሻ ከማንም በፊት የሚደውለው ለእኔ ነው። ቤቴን ራሴ ቀባሁት፣ ጣሪያውን ራሴ ለበጥኩት፣ ጋራዡን ወርክሾፕ ያደረግኩትም ራሴ ነኝ።

የጠመንጃ ጥይት በእጅ መሙላትንም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፤ የነሐስ ቀለሁ ግን ይቀራል። ይህ ቀለህ አይጣልም። ታጥቦ ይወለወላል፤ ቂጡ ላይ ፕራይመር የሚሏት፣ እሳት የምትለኩስ ትንሽ ቆብ ትገጠምለታለች፤ ባሩድ ተመዝኖ ይፈስበታል፤ በመጨረሻ አፉ ላይ አዲስ አረር ይደፈንበታል። ለዚህ የሚሆን፣ እጀታው ሲሳብ የሚጫን ፕሬስ የሚባል መሣሪያ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ገዛሁ። አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ገጾቹ እስኪላላጡ አነበብኩት። እኔ የሞላሁት ጥይት ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የሚለየው ሰው የለም።

ኮቪድ መጣና የጥይት መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ሆነ። ሰው ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ባዶ እጁን ይመለሳል። እኔ ባሩዱም፣ ፕራይመሩም፣ ቀለሁም ነበረኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በዲቪ የመጣ፣ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ነው። አደን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጠመንጃውንም የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ጠመንጃው ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የአንዳችን ጥይት ለሌላው ይሆናል። ያን ጊዜ የእሱ አደን በእኔ እጅ ላይ ነበር። ይህም ደስ ይለኝ ነበር።

በ2021 መኸር የነበሩኝ ቀለሆች ጥቀርሻ ለብሰው ጠቁረዋል። ቀለህ የሚወለወለው በሚንቀጠቀጥ ባልዲ ውስጥ፣ ዋልነት ከሚሉት ለውዝ መሰል ፍሬ ከተፈጨ ቅርፊት ጋር ነው። ቅርፊቱ አልቆብኛል፤ ሱቅም ጠፍቷል። ታዲያ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ደቃቅ፣ ጠንካራና ለስላሳ ነገር ምን አለ ብዬ አሰብኩ። የገና ጾም እየተቃረበ ስለነበር ባለቤቴ ተልባ በትልቅ ጣሳ ገዝታ አስቀምጣለች። እጄን ጣሳው ውስጥ ስከተው ተልባው በጣቶቼ መሀል ሾልኮ ወረደ። ይኼ ነው አልኩ።

ቀለሆቹን እኛ ነሐስ እንደምናጸዳው በሎሚና በውኃ አሸሁ። አንጠፈጠፍኳቸው። የቀረውን እርጥበት ተልባው ይመጠዋል ብዬ፣ ገና ሳይደርቁ ባልዲው ውስጥ ከትቼ ማሽኑን አስነሳሁት። ሲወጡ ወርቅ ናቸው። ተልባውን አራግፌ፣ ቀለሆቹን ጨርቅ ላይ ደርድሬ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ሞላኋቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የባለቤቴ ወንድም ድርሻውን ሊወስድ መጣ። የአጋዘን አደን የሚከፈተው በማግስቱ ሰኞ ነው። ጾም ከገባ በኋላ ስለሆነ ሥጋው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። እኔ ጉልበቴ አብጦ ስለነበር አልሄድም፤ ብቻውን ነው የሚሄደው።

አንዱን ጥይት በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረው።

«ጋሼ፣ ይኼ ጥይት ነው ወይስ ጉትቻ?»

«ስትተኩሰው ታውቀዋለህ።»

«ኧረ አጋዘኑን ከምገድለው ባገባው ይሻላል። ጥሎሹን አሳምረህ ሰርተህልኛል።»

ባለቤቴ ከኩሽና ጮኸች። «የተልባዬ ጣሳ ምነው ቀለለ?»

«እትዬ፣ ጋራዥ ፈልጊው!» አላት ወንድሟ። «እዚህ ቤት የጠፋ ነገር መቼ ሌላ ቦታ ተገኝቶ ያውቃል?»

 እሱ ጥይቱን ኪሱ ከቶ፣ የቀረበለትን ሽሮ በልቶ፣ ገና ላይ ጥብስ አበላችኋለሁ እያለ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ቤት መቀመጥ አስጠላኝ። ለራሴ ካስቀረሁት ጥቂቱን ይዤ ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄድኩ። ቁጭ ብሎ ለመተኮስ ጉልበት አያስፈልግም። ሰው ሁሉ አደን ሄዶ ቦታው ጭር ብሏል።

የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ። ኢላማው ላይ ከወትሮው ዝቅ ብሎ አረፈ። ቀለሁን አውጥቼ ሳየው ከአፉ ጀምሮ እስከ ወገቡ ጠቁሯል። በጥቁሩ ላይ ደግሞ ድስት ሥር እንዳረረ ነገር ቡናማ ቅርፊት ተጋግሯል። በጥፍሬ ብፍቀው አልለቅ አለ።

ጥቀርሻ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ በእሳቱ ኃይል ተለጥጦ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጭሱ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ያጣል። እሳቱ ሲደክም ግን ቀለሁ በደንብ አይለጠጥም፤ ጭሱ በጎኑ ሾልኮ ይመለስና ያጠቁረዋል። ስለዚህ ጥቀርሻ ማለት የደከመ እሳት ነው። ባሩድ አሳንሼ ይሆን? እኔ ባሩድ አላሳንስም። እያንዳንዱን መዝኛለሁ። ቡናማው ቅርፊት ደግሞ የባሩድ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛውን አጎረስኩ። ምላጩን ስስብ ጠቅ አለና ዝም አለ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳላነሳ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። መክሸፉ ነው ብዬ ልከፍተው ሳስብ ዷ! አለ። እጄ መዝጊያው ላይ ቢሆን ኖሮ ጣቶቼ ዛሬ አይኖሩም። 

ሦስተኛውን መተኮስ አልነበረብኝም። ግን የማይገባኝን ነገር ትቼ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ሳብኩት። የጠርሙስ ቡሽ ሲነቀል እንደሚሰማው ጷ አለ። ትከሻዬን አልመታኝም። ኢላማው ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። መዝጊያውን ስከፍተው ያልተቃጠለ ባሩድ ጠረጴዛው ላይ ተራገፈ። የማጽጃ ዘንጌን በአፈሙዙ በኩል ሰደድኩት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አረሩ አልወጣም፤ እዚያው ተወትፎ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የዚሁ ጥይት ወንድም እህቶች ጫካ ውስጥ ናቸው።

አረር በተወተፈበት አፈሙዝ ሌላ ጥይት መተኮስ ምን እንደሚያደርግ መጽሐፌ ውስጥ ፎቶ አለ። ብረቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፍቷል። የተኳሹ ፊት ፎቶው ውስጥ የለም፤ ሳየው ሁልጊዜ የማስበው ግን ፊቱን ነው። አዳኝ ደግሞ መለማመጃ ላይ እንዳለ ሰው አይደለም። አጋዘን ፊቱ ቆሞ ጥይቱ ጷ ቢልበት ዘንግ አውጥቶ አይመረምርም። አቀባብሎ ይደግማል።

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ደወልኩ፤ መልእክት ተው የሚለው ማሽን ነው ያነሳው። ቮይስሜይል። ደግሜ ደወልኩ። ቮይስሜይል። የሚያድንበት ኮረብታ ስልክ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ቦታውን ያገኘሁለት እኔ ነኝ። የገበሬው ፈቃድም በእኔ በኩል ነው የተገኘው።

ምናልባት የእኔዎቹ ብቻ ይሆናሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጥይት ሳይተኮስ የሚፈታበት መዶሻ መሰል ዕቃ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። አንዱን አስገብቼ ጠረጴዛው ላይ መታሁት። አረሩ ወጣ፣ ባሩዱ እንደ አሸዋ ተንሸራቶ ፈሰሰ። ተመስገን አልኩ። ቀጣዩን መታሁ። አረሩ ወጣ፤ ባሩዱ ግን ግማሹ አልፈሰሰም። ቀለሁን ገልብጬ ባራግፈውም አልወጣም። ሽቦ ሰድጄ ስፍቀው ተያይዞ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ነገር ወጣ። ሦስተኛውን ፈትቼ ወደ ብርሃን አዞርኩትና ውስጡን አየሁ። የፕራይመሯ እሳት ወደ ባሩዱ የምታልፍባት ትንሽ ቀዳዳ የለችም። ቦታዋ ላይ አንዲት የተልባ ፍሬ በጫፏ ተሰክታ ቁጭ ብላለች።

ተልባ ውኃ ሲነካው እንደሚዝለገለግ የማያውቅ ሀበሻ የለም። ስንቴ ጠጥቼዋለሁ። እርጥብ ነሐስ ውስጥ ስከተው ልጋጉን ለቀለቀበት፤ ደረቀ፤ እንደ ቫርኒሽ ተለጠፈ፤ ባሩዴን ያዘው፤ እሳቴን ደፈነው። ውጪው ወርቅ ነበር።

ሌላውን ዕቃዬን እዚያው ጥዬ፣ ዘንጌንና ጠመንጃዬን ብቻ ይዤ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ጠመንጃውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቆልፌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደውን ሀይዌይ ያዝኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም።  ቀይ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ፊቱ ይመጣብኛል። ጥይቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጉትቻ ነው ወይ ሲለኝ የነበረው ፊት።

ባለቤቴ ደወለች።

«ጋራዥ ገባሁ። ተልባዬን አየሁት። ከሰል መስሏል እኮ!»

«እንዳትነኪው! የእርሳስ መርዝ አለበት። ወንድምሽ ደውሎ ነበር?»

«አልደወለም። ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ከደወለ እንዳይተኩስ በዪው።»

«አደን ሄዶ እንዳይተኩስ?»

«በቃ በዪው!»

  ቀስ ብላ «ተልባዬን ከወንድሜ ጥይት ጋር ምን አገናኘው?» አለችኝ።

ስመለስ እነግርሻለሁ አልኳት። ሁልጊዜ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። እመቤቴን መጥራት ጀመረች፤ እየጠራች ስልኩ ተዘጋ።

የገበሬው አጥር ጋ ስደርስ የባለቤቴ ወንድም መኪና ቆማለች። ወርጄ ሞተሯን ዳሰስኩ፤ ቀዝቅዟል። ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነው ማለት ነው። ኮረብታው ላይ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው። ሮጬ ልግባ አልኩ። ጉልበቴ እንኳን ሩጫ እርምጃም አይችልም። የለበስኩት ደግሞ ቡናማ ጃኬት ነው፤ ብርቱካናማውን የአዳኝ ሰደርያ ቤት ትቼዋለሁ። በመክፈቻው ቀን ቡናማ ለብሶ ጫካ የሚገባ ሰው አጋዘን ነው።

ቆሜ ሳለሁ ከኮረብታው ወዲያ ተኩስ ተሰማ። ትልቅ፣ ሙሉ ድምፅ። ገደሉ መልሶ አስተጋባው። ሙሉ ድምፅ ጥሩ ነው አልኩ፤ ጥይቱ ሠርቷል ማለት ነው። ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አፈሙዝ ሲፈነዳስ ድምፁ ጎደሎ ይሆናል እንዴ?  ጩኸት እንደሆን ብዬ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም።

ከዚያ የመኪናዬን በር ከፍቼ ጡሩምባው ላይ በሁለት መዳፌ ተደገፍኩ።

በአደን መክፈቻ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ በተቀመጠበት ጫካ፣ ጡሩምባ የሚነፋ ሰው ቢገደል የሚያዝንለት የለም። አቅራቢያ ካለ ዛፍ ላይ አንድ ነጭ አዳኝ ወርዶ ስድቡን ከሩቅ ያዘንብብኝ ጀመር። ሁሉም ቃል ገብቶኛል። አላቆምኩም። ጆሮዬ ደነቆረ፣ ክንዴ ዛለ፤ በክርኔ ተጫንኩት። ደግሞ ባትሪው ቢያልቅስ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ጡሩምባው እየጮኸ እሱ የማይሰማ ሆኖ ወድቆስ እንደሆነ?

ብርቱካናማ ነገር በዛፎቹ መሀል ብቅ ሲል ዐይኔን አላመንኩም። ጠመንጃውን ይዞ፣ በጭቃ ተለውሶ፣ ፊቱ በንዴት ቀልቶ ይመጣል። ፊቱ አለ። ሙሉ ፊት ነው።

«ጋሼ! አብደሃል? ያገሩን አጋዘን ሁሉ አባረርከው እኮ!»

«አፈሙዙን ወደ መሬት! ጣትህን ከምላጩ አውጣ!»

«እሺ ምን—»

«አውጣ አልኩህ! ጎርሷል?»

«ጎርሷል። ቀንዳሙ ዛፍ ኋላ ቆሞልኝ ነበር፤ አንገቱን እስኪያወጣ እየጠበቅኩት ነበር። ያንተ ጡሩምባ አስፈረጠጠው።»

«ከዚያ በፊት ተኩሰሃል?»

«አንዴ። ቅድም የጮኸው ትልቁ የሌላ አዳኝ ነው፤ የእኔዋ እንደ ፈስ ሄደች። ጥይትህ ጾም ላይ ነው መሰለኝ ጋሼ፣ ጉልበት የለውም። በሁለተኛው አልስተውም ነበር።»

የጎረሰውን ጥይት አስወጣሁት። ዘንጌን ከመኪናዬ አወጣሁና በጠመንጃው አፈሙዝ ሰደድኩት። ጫፉን ሁለት ሦስቴ ሳትኩት፤ እሱ ያዘልኝ። ዘንጉ ወረደ፣ ወረደ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጠቅ ብሎ ቆመ። ሁለታችንም ከውጪ የቀረውን የዘንግ ርዝመት አየን። ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ያውቀዋል።

ንዴቱ ከፊቱ ወረደ፤ ደሙም አብሮ ወረደ። መኪናው መከላከያ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ ዐይኑን በመዳፉ ሸፈነው፤ ከዚያ ግራውን። ሁለቱም እንደሚያዩ የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነጩ አዳኝ ከሩቅ መሳደቡን አልተወም።

«ጥይቱን ምን አገኘው?» አለኝ።

«ተልባ።»

አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ የቀረበ ነበር። «ጋሼ፣ ለእትዬ እንዳትነግራት።»

«ታውቃለች።»

«እንግዲያው ሁለታችንም እዚሁ ጫካ እንደር።»

ወደ ኮሎምበስ ስንመለስ ከኋላዬ እየነዳ መጣ። መንገዱን ሁሉ መስታወቴ ውስጥ የመኪናውን መብራት እያየሁ ነዳሁ። አንዴ ትልቅ ካሚዮን መሀላችን ገብቶ ሲጋርደው እስኪያልፍ ፍጥነቴን ቀነስኩ።

ያ ፍርሃት ቶሎ አልለቀቀኝም። እስከ ፋሲካ ፕሬሱን አልነካሁትም፤ ጋራዥ ገብቼ አየውና እወጣለሁ። የሆነ ሆኖ እኔ ነገር ጀምሬ የምተው ሰው አይደለሁም። የቻልኩትን ልዘርዝር።

ሁለቱንም አረሮች ዘይት አጠጥቼ፣ በናስ ዘንግ በቀስታ እየመታሁ፣ የአፈሙዙን ውስጥ አንዲት ጭረት ሳላስነካ አወጣኋቸው።

የሞላኋቸውን ጥይቶች በሙሉ፣ ደህና የሚመስሉትንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ፈታሁ። ባሩዱን ጓሮ በተንኩት፤ በዚያ ቦታ በጋ ላይ የበቀለውን ጎመን ጎረቤት ሁሉ አድንቋል።

ቀለሆቹን በፈላ ውኃ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ በመርፌ ከፈትኩ። ዛሬም ፕራይመር ከመግጠሜ በፊት ቀለሁን ወደ ብርሃን አዙሬ በውስጡ ካላየሁ አልቀጥልም።

የተተኮሰ ቀለህ አይቼ ያጠቆረው የባሩድ ማነስ ይሁን የውስጥ ቆሻሻ መለየት ቻልኩ። ቡናማ ቅርፊት ካለበት ባሩድ መጨመር ሞት ነው። ይህን መጽሐፌ አይናገርም።

ባለቤቴ ለፍልሰታ ጾም የተልባ ውኃ በጥብጣ ፊቴ አስቀመጠችልኝ፤ አንድም ቃል ሳትናገር ቆማ ጠበቀችኝ። ጠጣሁት። እሱንም ቻልኩ።

በ2022 አደን ሲከፈት የባለቤቴ ወንድም እኔ የሞላሁትን ጥይት ይዞ ሄደ። ውሰድ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠዋቱን ሙሉ ምንም ሳልቀምስ ተቀመጥኩ። ሲደውል «ወደቀ!» አለኝ፤ እኔ የጠየቅኩት ግን ስለ ዐይኑ ነበር። ማታ የተተኮሰውን ቀለህ አምጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። አፉ ላይ ቀጭን ጥቁር ክብ ብቻ አለ፤ ወገቡ ንጹህ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ዛሬም በሁለት ዐይኑ ያያል።